ከበረዶ በታች ባለው ባሕር ሕይወት ይኖር ይሆን?



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በጥቅምት ወር በአንድ እሑድ ጧት የተጠየቅሁት ጥያቄና እኔም ቸኩዬ የሰጠሁት መልስ ነው። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ጧት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በዚያን ዕለትም ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ ከቅጽሩ ውጭ ባለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ የውኃው ገጽ እንደ ስስ መስተዋት ጠጥሮ ነበር። ከሕፃናቱ ክፍል አንዲት ልጅ ያንን መስተዋት በጣቷ ሰብራ ከሥሩ ያለውን ውኃ ነካችና «ጋሼ፣ ላዩ በረዶ ሆኖ ሳለ ታቹ ለምን አልጠጠረም?» አለችኝ። ገና መልስ ሳልሰጣት በራድዮ የሰማችውን አስከተለች። «በሰማይ ያሉ ጨረቃዎች ከበረዶ በታች ባሕር አላቸው ይባላል፤ ታዲያ ዓሣ አለበት?»

እኔም ልጆቹ ሁሉ ሲያዳምጡ ደስ ብሎኝ «ዓሣ እንኳ ባይሆን ሕይወት መኖሩ አይቀርም፤ በአገራችን በዳሎል በሚፈላው አሲድ ውስጥ ሕይወት ተገኝቶ የለምን?» ብዬ መለስሁ። ልጆቹም አመኑኝ። በኋላ ጉዳዩን ተቀምጬ ሳጠናው ግን ከተናገርሁት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ የችኮላ ቃል ሆኖ አገኘሁት። ልጆች ከእኛ የሰሙትን እንደ ትምህርተ ሃይማኖት ቆጥረው ለቤተሰባቸው ይነግራሉ። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ከሥሩ ጀምሬ ለመመለስና ስሕተቴንም በጽሑፍ ለማረም ወሰንሁ።

በመጀመሪያ ከገንዳው እንነሣ። ብዙ ነገር ሲረጋና ሲጠጥር ከፈሳሹ ይልቅ ከባድ ይሆናል። በቀለጠ ቅቤ ውስጥ የረጋ ቅቤ ብትጥሉ ይሰምጣል፤ እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ውኃ ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከፈሳሹ ውኃ ይቀልላል፤ ስለሚቀልልም ይንሳፈፋል። እንግዲህ ብርዱ ከላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠጥረው ላይኛው ነው፤ እርሱም ክዳን ሆኖ ታችኛውን ይጠብቃል። በረዶ የሚሰምጥ ቢሆን ኖሮ በብርድ አገር ያሉ ሐይቆች ከሥራቸው ጀምረው እየጠጠሩ ዓሦቻቸው ባለቁ ነበር። ልጅቷ በጣቷ የነካችው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ የሚቆመውም በዚህ ላይ ነው።

ስለ ጨረቃዎቹ

ምድራችን አንዲት ጨረቃ ብቻ ስላላት «ጨረቃ» ስንል የምናስበው እርስዋን ነው። ሌሎች ፕላኔቶች ግን ብዙ ጨረቃዎች አሏቸው። የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1610 በሠራው የሩቅ ማያ መነጽር ጁፒተርን፣ ማለትም በቀድሞው ሐሳበ ከዋክብት መሽተሪ የሚባለውን፣ ሲመለከት ከአጠገቡ ትናንሽ ኮከቦች ተሰልፈው አየ። በማግሥቱ ሲያያቸው ቦታቸውን ለውጠዋል። ሌሊት ከሌሊት ሲከታተል አራት መሆናቸውንና ጁፒተርን የሚዞሩ መሆናቸውን ተረዳ። ስማቸውም አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ ነው።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ከታየ ብርሃን ነውና ሰማይን ቀና ብሎ ማየት ለደብረ ብርሃን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እነዚህን አራቱን ለማየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እኛ ግን ወደዚያ መሄድ ባንችል ሁለት ዓይን ያለው ተራ የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃናል። ጁፒተር በሚታይበት ወራት፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ባለው ጥርት ያለ ሌሊት፣ ክንድን በግንብ ላይ አስደግፎ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መመልከት ነው። እኔ ከሰው በተዋስሁት መነጽር ሦስቱን አይቻለሁ። አራተኛው ያን ጊዜ ከጁፒተር በስተጀርባ ነበር መሰለኝ። (ጋቢ መደረብ እንዳትረሱ፤ እኔ ረስቼ ሳምንት ሙሉ ሳስል ሰነበትሁ።)

ከአራቱ ለጉዳያችን ዋነኛዋ ዩሮፓ ናት። ስሟ ከአውሮፓ ክፍለ ዓለም ስም ጋር አንድ ቢሆንም እርስዋ ከእኛ ጨረቃ ጥቂት የምታንስ፣ ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 3,120 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የሰማይ አካል ናት። ጁፒተርን በሦስት ቀን ተኩል ትዞራለች። ወደዚያ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ለእኛ ከሚደርሰው ሃያ አምስተኛው እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በወገቧ ላይ እንኳ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ገደማ ነው። የእኛ ውርጭ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምድጃ ዳር እንደ መቀመጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች በአጠገቧ ሲያልፉ የላኳቸው ሥዕሎች ተመራማሪዎችን አስደነቁ። ገጿ ሁሉ በረዶ ነው፤ በላዩም ቡናማ መስመሮች እንደ ተሰነጠቀ የሸክላ ዕቃ ተጋድመውበታል። የእኛ ጨረቃ ፊቷ በኮከብ ስባሪ ምት የተጎዳጎደ ሲሆን በዩሮፓ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጠባሳ ጥቂት ነው። ይህም ገጿ እየታደሰ ጠባሳውን የሚሸፍን መሆኑን ያመለክታል። ኋላም በጋሊሌዮ ስም የተጠራችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምራ ጁፒተርን ስትዞር ሌላ ምስክር አገኘች። ጁፒተር እጅግ ኃይለኛ ማግኔት ነው። የማግኔቱ ኃይል በዩሮፓ ላይ ሲለዋወጥ በውስጧ ያለ አንድ ነገር በራሱ ማግኔት ይመልሳል። ጠጣር በረዶ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር፣ ለምሳሌ ጨዋማ ውኃ፣ ያስፈልጋል። ማርጋሬት ኪቨልሰን የተባሉት ሴት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ2000 ገለጹ።

እንግዲህ የበረዶው ቅርፊት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር፣ ከሥሩ ያለው ባሕር ደግሞ ከ60 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጠልቃል ተብሎ ይገመታል። በዓለማችን ባሕሮች ሁሉ ያለው ውኃ ተሰብስቦ የዚያችን ትንሽ ጨረቃ ባሕር ግማሹን ያህል ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። እስካሁን ያንን ባሕር በዓይኑ ያየ፣ በመሣሪያም የነካ የለም። ሁሉም ከውጭ በሚታይ ምልክት የተደረሰበት ነው፤ ጢስ አይቶ እሳት አለ እንደ ማለት።

ባና ድንጋይ ያሞቃልን?

አንድ ሰው «በረዶው ባሕሩን እንደ ባና አልብሶት ስለሆነ አይጠጥርም» ሊል ይችላል። ግማሽ መልስ ነው። የመንዝን ባና የለበሰ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይሞቀዋል፤ ድንጋይን ግን ባና ብትደራርቡበት ጧት እንደ ቀዘቀዘ ታገኙታላችሁ። ባና ሙቀትን ይጠብቃል እንጂ አይሠራም። ታዲያ በዩሮፓ ውስጥ ሙቀቱ ከየት መጣ? ከፀሐይ እንዳይባል ፀሐይ ሩቅ ናት።

መልሱ ከጁፒተር ስበት ነው። አዮ ጁፒተርን አራት ጊዜ በምትዞርበት ጊዜ ዩሮፓ ሁለት ጊዜ፣ ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ትዞራለች። እንዲህ በሥርዓት ስለሚገናኙ አንዱዋ ሌላዋን ትስባለች፤ ስለዚህም የዩሮፓ መንገድ ፍጹም ክብ ሊሆን አይችልም። አንዴ ወደ ጁፒተር ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ትላለች። ስትቀርብ ጁፒተር አጥብቆ ይስባታል፣ ስትርቅ ይለቅቃታል፤ በሦስት ቀን ተኩል አንድ ጊዜ እንደ ሊጥ ትታሻለች ማለት ነው። ሽቦ ለመስበር ወዲያና ወዲህ ያጣጠፈ ሰው የታጠፈውን ቦታ ቢነካ ትኩስ ሆኖ ያገኘዋል። የዩሮፓም ሙቀት ከዚህ የመጣ ነው። ለዚህ ማረጋገጫ የምትሆነው ጎረቤቷ አዮ ናት። እርስዋ ለጁፒተር ይበልጥ ስለምትቀርብ መታሸቱ አይሎባት እሳተ ገሞራ ትተፋለች፤ ይህም በዚያው በ1979 ታየ።

የሚረጨው ጨረቃ

ሁለተኛው ጨረቃ የሳተርን ነው፤ ስሙም ኤንሰላደስ ይባላል። እጅግ ትንሽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ፣ ይኸውም ከደብረ ብርሃን እስከ ዳሎል በአየር ያለው ርቀት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ አካል ከብዙ ዘመን በፊት እስከ ልቡ ድረስ ቀዝቅዞ ደረቅ መሆን ነበረበት ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2005 በአጠገቡ ስታልፍ ከደቡብ ዋልታው፣ ከአራት ረጃጅም ስንጥቆች፣ የውኃ እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ወደ ሰማይ ሲረጭ አገኘች።

ይህ ለተመራማሪዎች ትልቅ ስጦታ ሆነ። የዩሮፓን ባሕር ለመቅመስ ብዙ ኪሎ ሜትር በረዶ መብሳት ሲያስፈልግ፣ ኤንሰላደስ ግን ባሕሩን ራሱ አውጥቶ ይበትናል። ካሲኒም በዚያ ርጭት መካከል ደጋግማ አለፈች፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ከገጹ 49 ኪሎ ሜትር ብቻ ከፍ ብላ አልፋበታለች። የተገኘውም እንደሚከተለው ነው። ብናኙ ጨው አለበት፤ ስለዚህ ከባሕር የመጣ ነው። ካርቦን ያለባቸው ውሑዶችም አሉበት። ሙቅ ውኃ ከዐለት ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚፈጠሩ ረቂቅ የሲሊካ ቅንጣቶች ተገኙ፤ የዚያ ውኃ ሙቀት ከ90 ዲግሪ በላይ መሆን እንዳለበት ተሰላ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃይድሮጅን መገኘቱ ተገለጸ። በ2023 ደግሞ ከካሲኒ መዝገብ ውስጥ ፎስፌት ወጣ፤ ፎስፎረስ ለአጥንታችንም ሆነ በሕዋሳችን ውስጥ ላለው የዘር ጽሑፍ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ሕይወትስ? አልተገኘም። ካሲኒ ወደዚያ ስትላክ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማታል ተብሎ አልታሰበምና ሕይወትን ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ አልያዘችም። ተዘጋጅቶ የቆየው ማድቤቱ ነው፤ ምድጃው አለ፣ ውኃው አለ፣ ጨውና ቅመሙም አለ። የሚበላ ሰው መኖሩን ግን አላየንም።

ፀሐይ የማያየው ሕይወት

«ፀሐይ በሌለበት ምን ይበላሉ?» የሚል ሰው ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሬው ሣር ይበላል፣ ሣሩ ብርሃንን ይመገባል፤ እኛም በሁለቱ እንኖራለን።  እ.ኤ.አ. በ1977 ግን አልቪን በተባለችው ጠላቂ መርከብ የወረዱ ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ከባሕሩ ወለል የሚወጣ ፍል ውኃ አገኙ። በአዲስ አበባ ፍል ውኃ እንደምናውቀው ከምድር ውስጥ በሚወጣ ሙቀት የሚሞቅ ነው። በዙሪያውም በዚያ ጨለማ ውስጥ ሕይወት ሞልቶ ነበር፤ ትላልቅ ዛጎል ለባሾች፣ በቱቦ ውስጥ የሚኖሩ ረጃጅም ትሎች። የእነዚህ ሁሉ ምግብ መሠረት ከፍል ውኃው የሚወጣውን፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ የሚጠቀሙ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ብቻ አንሥተው «ፀሐይ አያስፈልግም» ብለው ይዘጋሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል እላለሁ። ከእነዚያ እንስሳት ብዙዎቹ የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ከላይ ከፀሐይ በታች ባሉ ዕፀዋትና ተሕዋስያን የተሠራ ነው። ያለ ብርሃንም ያለ ኦክሲጅንም የሚኖሩት ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕደው ሚቴን የሚያወጡ ተሕዋስያን ናቸው። በኤንሰላደስ ሃይድሮጅን መገኘቱ ትልቅ ዜና የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ለእነዚህ ለታናናሾቹ ምግብ ይሆናልና። ስለዚህ ልጅቷ ለጠየቀችው «ዓሣ አለበት?» መልሱ በእኔ ግምት «ዓሣ አይመስለኝም» ነው።

ከበረዶ በታች ስላለ ውኃም ምድራችን ምሳሌ አላት። በደቡብ ዋልታ በዊላንስ ሐይቅ ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2013 800 ሜትር ያህል በረዶ በሙቅ ውኃ በስተው ውኃውን ቀዱ። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በላይ ተሕዋስያን አገኙበት፤ በሕይወት ያሉና የሚሠሩ።

ዳሎል፣ ስሕተቴ ያለበት ቦታ

ከአንኮበር አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ምድር በድንገት ተቆርጣ ወደ አፋር ቆላ ስትወርድ ያያል። ከእግር በታች ዓልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ጭጋግና በረሃ ነው። ዳሎል ከዚያ አይታይም፤ በዚሁ በአፋር ምድር፣ ግን በስተሰሜን እጅግ ሩቅ ነው። ነገር ግን ለአንኮበር ሰው እንግዳ አልነበረም። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ጨው ተቆርጦ የሚመጣው ከዳሎል አጠገብ ካለው የጨው ሜዳ ነበር። ያ ሜዳ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ ሲሆን ባሕሩ ተንኖ ሲደርቅ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ውፍረት ያለው ጨው ትቶ ሄደ። ዛሬም አፋሮችና ትግሬዎች ጨው እየቆረጡ በግመል ያወጣሉ።

ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ሙቀት የሚፈላ ውኃ በጨው መካከል ያወጣል፤ ውኃውም አረንጓዴና ቢጫ ቀለም አለው። ሲያዩት ያማረ፣ ሲነኩት የሚፈጅ ነው። አሲድነቱ በተለመደው መለኪያ ዜሮና ከዜሮ በታች ይደርሳል፤ ጨውነቱም ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። በሰማያት ያለውን ለመገመት የሚሹ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር ወደ እኛ የሚመጡት ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ጥናቶች ታተሙ። በግንቦት ወር የታተመው፣ የስፔኑ ፌሊፔ ጎሜዝ የመሩት ቡድን፣ በዳሎል ከጨው ጭስ ማውጫ በተወሰደ ናሙና ውስጥ እጅግ ረቂቃን የሆኑ ተሕዋስያን ምልክት አገኘን አለ። እኔ ሰምቼ ለልጆቹ የነገርሁት ይህን ነው። በጥቅምት ወር የታተመው ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ፣ የሠሩት ነው። እነርሱ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ጊዜ ወደ ስፍራው መጥተው ከብዙ ቦታ ናሙና ወሰዱ። በማጉያ መነጽር አዩ፤ የዘር ጽሑፍ ፈለጉ፤ ለማራባትም ሞከሩ። ውጤቱም ይህ ነበር፦ በአጠገቡ ባለው ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ጨው ወዳድ ተሕዋስያን ሞልተዋል፤ በዳሎል በሚፈሉት አሲዳማና እጅግ ጨዋማ ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት የለም። ማግኒዢየም በበዛባቸው በጥቁሩና በቢጫው ሐይቅም እንዲሁ የለም።

ምክንያቱን ሲገልጹ አሲድን የሚችል ተሕዋሲ አለ፤ ጨውን የሚችልም አለ፤ ሁለቱን በዚያ መጠን በአንድነት የሚችል ግን አልታወቀም አሉ። የማግኒዢየም ጨው ደግሞ ሕይወት የተሠራችባቸውን ንጥረ ነገሮች ያፈራርሳል። ከዚህም ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመሩ፤ እኔን የነካኝም ይህ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ ሕይወት የሌላቸው የሲሊካ ቅንጣቶች አሉ፤ በማጉያ መነጽር ሲታዩ ግን ልክ እንደ ተሕዋስያን ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ። ነፋስና ጎብኚም ከሌላ ቦታ ሕያዋንን ወደዚያ ሊያመጡ ይችላሉ። በአገራችን ምድር ቆመን፣ በእጃችን ነክተን ሕያውን ከግዑዙ ለመለየት እንዲህ ካስቸገረን፣ መሣሪያ በብዙ መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ብቻውን ሲሠራ እንዴት ይሆናል?

እንግዲህ የኔ ስሕተት ይህ ነበር። ሁለት ጥናቶች ሳሉ ደስ ያለኝን አንዱን ይዤ፣ የተከራከሩበትን ጉዳይ እንዳለቀ አድርጌ ተናገርሁ። ከዚያም አልፌ በእርሱ ላይ ተመሥርቼ ስለ ዩሮፓ ፈረድሁ። ዳሎል የሚያስተምረው ግን እንዲያውም ተቃራኒውን ነው ለማለት ይቻላል። ውኃ ባለበት ሁሉ ሕይወት የለም። ዩሮፓ ባሕር ቢኖራትም የባሕሩ ጨው ምን ዓይነት ነው? ምን ያህል ነው? እንደ ጨዋማው ሐይቅ ነው ወይስ እንደ ቢጫው ሐይቅ? ይህ ካልታወቀ ስለ ሕይወት መናገር ይቸግራል።

ስለ እምነታችን የተነሣው ክርክር

ጉዳዩ በወጣቶች ክፍል ሲነሣ ክርክር ሆነ። አንዳንድ ወንድሞች «መጽሐፍ ቅዱስ ስላልነገረን ሊኖር አይችልም» አሉ። አንዱ ደግሞ በትምህርት ቤት ከጓደኛው የሰማውን ይዞ «ሕይወት ከተገኘ ሃይማኖታችን ምን ይሆናል?» ብሎ ተጨነቀ። ጭንቀቱ የምር ነበረና አንሣቅበት። ሌላው «ከጠፈር በላይ ያለው ሐኖስ እኮ ይኸው የዩሮፓ ባሕር ነው» አለ። ይህ ሦስተኛው ለእኔ አይዋጥልኝም። አባቶች ስለ ሐኖስ ያስተማሩት የአንዲት ትንሽ ጨረቃን ባሕር ለማመልከት አይደለም፤ ዛሬ እንዲህ ብለን ብናያይዘው ነገ ተመራማሪዎች ግምታቸውን ሲለውጡ ትምህርቱን ከእነርሱ ጋር ልንጎትተው ነው።

ነገሩን ይዤ ወደ አንድ መሪጌታ ሄድሁ። እርሳቸውም እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «እነዚያ በባሕር ጥልቅ የተገኙት ትሎች መቼ ተፈጠሩ?» ብለው ጠየቁኝ። «በሐሙስ ዕለት ከባሕር ፍጥረታት ጋር ነዋ» አልኋቸው። «ሰው ያያቸውስ መቼ ነው?» አሉኝ። «በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977» አልሁ። «ታዲያ እስከዚያ ድረስ ላንተ ስላልታዩህ አልነበሩም?» አሉና ትንሽ ቆይተው «መጽሐፍ ዝም ባለበት ቦታ አንተ አለም የለምም ብለህ አትሙላበት» አሉኝ። ስለ ሰው መዳን የጨመሩልኝም ነገር አለ፤ ትምህርቱ ለሰው የተነገረ እንጂ ዓይን ስለማያያቸው ተሕዋስያን አይደለም፤ በገብሱ ማሳ ሥር ያሉት ተሕዋስያን እምነትህን ካላናወጡት በሰማይ ያሉት ለምን ያናውጡታል የሚል ነው። ያ የተጨነቀው ወንድም ይህን ስነግረው ቀለል አለው። ሌሎቹ ግን አሁንም እየተከራከሩ ነው፤ እኔም አልጠላሁትም።

ሌላም ልብ ያልሁት ነገር አለ። ጋሊሌዮ የተባለችው መንኮራኩር ነዳጇ ሊያልቅ ሲል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር ተጥላ ተቃጠለች። ካሲኒም እንዲሁ መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ ሳተርን ገብታ ጠፋች። ያለ መሪ ሲንከራተቱ አንድ ቀን ዩሮፓን ወይም ኤንሰላደስን ቢመቱ፣ ከምድር ይዘዋቸው የሄዱት ተሕዋስያን ያንን ባሕር እንዳያረክሱ ተፈርቶ ነው። መኖሩ ላልታወቀ ፍጥረት ሲባል ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ተቃጠለ።

አሁን በመንገድ ላይ ያሉ ሁለት መንኮራኩሮች አሉ። የአውሮፓውያኑ ጁስ ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተነሥታለች፤ ወደ ጁፒተር የምትደርሰው በ2023 ዓ.ም. ሐምሌ ገደማ ሲሆን በመጨረሻ ጋኒሜድን ትዞራለች። የአሜሪካኖቹ ዩሮፓ ክሊፐር ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ ተተኮሰች። እርስዋ በ2022 ዓ.ም. ሚያዝያ ገደማ እንድትደርስ ታቅዷል። በጁፒተር ዙሪያ ያለው ጨረር መሣሪያን የሚያበላሽ ስለሆነ በዩሮፓ ዙሪያ አትቀመጥም፤ እየመጣች እየተመለሰች ሃምሳ ጊዜ ያህል በአጠገቧ ታልፋለች፤ አንዳንዴም 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ትቀርባለች። በረዶውን ዘልቆ የሚያይ ራዳር አላት፤ የጨውንም ዓይነት ትመረምራለች። የተላከችው ግን ሕይወትን ለማግኘት አይደለም፤ ስፍራው ለሕይወት የሚመች መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው።

ባለፈው እሑድ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ተመልሼ «ስለ ዳሎል የነገርኋችሁ ሙሉ እውነት አልነበረም» ብዬ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኋቸው። ጥቂቶቹ ቅር አላቸው፤ የሚፈላ አሲድ ውስጥ የሚኖር ነገር ወደው ነበርና። ያች ልጅ ግን በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ «ክሊፐር ስትደርስ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እጨርሳለሁ» አለችኝ። ቀጥላም የጨዋማው ሐይቅ ውኃ በጥቅምት ብርድ እዚህ ደብረ ብርሃን ቢቀመጥ ገንዳው ላይ እንዳለው ውኃ ይጠጥር እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ አልቸኮልሁም። ከቤት አንድ ጣሳ ውኃ ብዙ ጨው አሟሙታበት፣ ሌላውን ጣሳ ያለ ጨው፣ ሁለቱን ውርጭ ባለበት ሌሊት ውጭ አሳድራ ጧት ያየችውን እንድትነግረን ተስማምተናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።